«ልጆቼን እንደ ኮማንዶ ላሰልጥን ብዬ አምበሌን አጣሁ»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

36 ዓመቴ ነው። አዳማ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች የሰፈር ፕሮጀክት አሰለጥናለሁ። ኑሮዬ በሌላ ሥራ ነው፤ ይሄኛው ደመወዝ የለውም ማለት ይቻላል። ኳስ እወዳለሁ፣ ልጆቹንም እወዳቸዋለሁ። አምና ለፍጻሜ አንድ ጨዋታ ሲቀረን፣ 2 ለ 0 እየመራን ተሸነፍን። በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ልጆቹ ተደናገጡ። እርስ በርስ መጯጯህ ጀመሩ፣ ኳስ የሚቀበል ጠፋ። ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ክረምቱን ታጋቾችን ስለሚያስለቅቁ ኮማንዶዎች የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ሳይ ከረምኩ። መረጋጋታቸው፣ መናበባቸው ገረመኝ። «የእኔ ልጆች የጎደላቸው ይሄ ነው» አልኩ። ከመስከረም ጀምሮ ልምምዱን ቀየርኩት። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ሜዳ ይገኛሉ። ያረፈደ ይንበረከካል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ፑሽ አፕ ይሠራል። ልምምድ ሳያልቅ ውሃ የለም። እኔም ከመስመሩ ውጭ ሆኜ ስጮህ ነው የማረፍደው።

መጀመሪያ ላይ ሠራ። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ልጆቹ ዝም አሉ። ኳስ እግራቸው ስር ስትገባ እኔን ነው የሚያዩት። አራት ልጆች ቀሩ። በቅርቡ ደግሞ አምበሌ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ዕድሜው 16 ነው። በሁሉም ፊት የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዱ ላይ አውልቄ «ኮማንዶ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ሰው አስገድለህ ነበር» አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። እናቱ ሜዳ ድረስ መጥተው «ልጄ እንቅልፍ አጥቷል፤ ምን ብለኸው ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ምክትሌ ለብዙ ዓመታት ወታደር የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ያን ቀን «እኛን እንኳ እንዲህ አላሰለጠኑንም» ብለውኝ ሄዱ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ጥሎ ማለፉ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጁ ቤት ብሄድ ሌሎቹ ይንቁኛል ብዬ እፈራለሁ። ባልሄድ ህሊናዬ እረፍት አይሰጠኝም። ከእነዚያ ሰዎች ለመማር መሞከሬ ስህተት ነበር? ወይስ ልጆቹ ናቸው ልፍስፍስ የሆኑት?

አሰልጣኙ ነኝ፣ ከአዳማ


ወንድሜ፣

መጀመሪያ ስለ ልጁ ልመልስልህ፤ ሌላው ይደርሳል። ሂድ። የሚቀጥለውን ጨዋታ ውጤት አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ሂድ። ምን እንደምትለው በኋላ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር አስብልኝ። «ይንቁኛል» ያልካቸው ልጆች አምበላቸው እንዴት እንደሄደ በዓይናቸው አይተዋል። አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ሜዳ ሲመጡ በልባቸው ምን የሚሉ ይመስልሃል? «አሰልጣኛችን ጠንካራ ነው» ነው ወይስ «ቀጣዩ እኔ ነኝ»? ኳስ ሲይዙ ዓይናቸው ወደ አንተ የሚሄደውስ ለምን ይመስልሃል?

ልፍስፍስ ናቸው ወይ ላልከው፣ አይደሉም። በዚያ ንጋት ተነስተው፣ ተንበርክከው፣ ጠምቷቸው ሮጠው፣ በነጋታው ደግመው የሚመጡ ልጆች ልፍስፍስ ሊባሉ አይችሉም። ኳሱን ይወዱታል። ምናልባት አንተንም ይወዱሃል።

ከእነዚያ ሰዎች ለመማር መሞከርህም ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ለአሰልጣኝ ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ ብዙ አይገኝም። ጭንቀት ውስጥ አብሮ መሥራት የዕለት ሥራቸው ነው። ችግሩ ፊልም የሚያሳየው በሩ ሲሰበርና ጭሱ ሲነሳ ያለውን ጥቂት ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አሰልቺ ልምምድ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ውይይት ለካሜራ አይመችም። እነሱን እነሱ ያደረጋቸው ግን እሱ ነው። አንተ ራስህ ደብዳቤህ ላይ «መረጋጋት» እና «መናበብ» ነበር ያልከው። በደንብ አይተሃል። ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን ጩኸትና ቅጣት ሆነ። እንደሚመስለኝ የአምናው ሽንፈት ከልጆቹ ይልቅ አንተን ጎድቶሃል። እንዳይደገም ፈርተሃል። ሰው ሲፈራ ደግሞ ድምፁ ይጨምራል፣ እጁም ይጠነክራል።

እንዳንተ ከኮማንዶ ለመማር የሞከሩ ሁለት አሰልጣኞች ልንገርህ።

አንደኛው ሩዶልፍ ስትራውሊ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረ። እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ተጫዋቾቹን ገጠር ውስጥ ወዳለ ካምፕ ወሰዳቸው። ታሪኩ «ካምፕ ስታልድራድ» በሚል ስም ይታወቃል። ካምፑን የመሩት በፖሊስ ልዩ ግብረ ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያ አገር ታጋች የሚያስለቅቀው ይሄው ክፍል ነው፤ ማለትም አንተ በፊልም ካየሃቸው ዓይነት ሰዎች። ተጫዋቾቹ ራቁታቸውን በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብተው ኳስ እንዲነፉ ተደረገ። ጉድጓድ ውስጥ ታጭቀው ውሃ ተደፋባቸው። ከውሃው እንውጣ ያሉት በጠመንጃ እንደተመለሱ በኋላ ተዘገበ። ዓላማው ቡድኑን አንድ ማድረግ ነበር። በዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ላይ በኒውዚላንድ 29 ለ 9 ተሸንፈው ወጡ። የካምፑ ፎቶዎች ሲታተሙ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ አሰልጣኙም ሥራውን ለቀቀ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ደቡብ አፍሪካ በሌላ አሰልጣኝ የዓለም ዋንጫን አነሳች። በቡድኑ ውስጥ ያንን የ2003 ሽንፈት የቀመሱ ተጫዋቾች ነበሩ። እነዚህ ተጫዋቾች እነዚያው ናቸው፤ የተያዙበት መንገድ ነው የተለወጠው።

ሁለተኛው ጋሬዝ ሳውዝጌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ቀድሞ ሳይናገር ወደ ሮያል ማሪን ኮማንዶዎች ማሠልጠኛ ወሰደ። ሚሊዮን የሚከፈላቸው ተጫዋቾች ስልካቸውን አስረክበው ድንኳን ውስጥ አደሩ። ደክመዋል፣ ጭቃ ነክቷቸዋል፤ ግን ማንም አላዋረዳቸውም። ልብ በልልኝ፣ እሱም እንዳንተ ከወታደር ሊማር ነው የሄደው። ከዚያ የመጣው ሥራ ነው ያስደነቀኝ። እንግሊዝ በዓለም ዋንጫ መለያ ምት አሸንፋ አታውቅም ነበር፤ በ1990፣ በ1998፣ በ2006 በዚያው ወጥታለች። ሳውዝጌት ፍጹም ቅጣት ምትን «ዕድል ነው» ብሎ አልተወውም። ለወራት አስለመዳቸው። እግራቸው ደክሞ ሳለ መቱ። ከመሃል ሜዳ እስከ ኳሱ ድረስ ብቻቸውን የሚሄዱትን መንገድ ሳይቀር ተለማመዱ። ፊሽካ እንደተነፋ ከመቸኮል ትንፋሽ መውሰድን ተማሩ። በ2018 ሩሲያ ላይ ኮሎምቢያን በመለያ ምት 4 ለ 3 አሸነፉ። ያን ቀን ጆርዳን ሄንደርሰን ስቶ ነበር። ማንም አልጮኸበትም፤ ሌሎቹ ቀጠሉ፣ ቡድኑ አለፈ። ሳውዝጌትም ከጨዋታው በኋላ የሳተውን የኮሎምቢያ ተጫዋች ሄዶ አቀፈው። ለምን መሰለህ? እሱ ራሱ በ1996 በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በገዛ አገሩ ሜዳ፣ ጀርመን ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ቡድኑ የወጣበት ሰው ነው። ይሄን ታሪክ ለአምበልህ ንገረው።

ሌላው ልታስበው የሚገባህ፣ እነዚያ ኮማንዶዎች ትልልቅ ሰዎች መሆናቸው ነው። በፈቃዳቸው ተመዝግበው፣ አስቀድመው በሌላ ክፍል አገልግለው፣ በቃኝ ባሉ ጊዜ መተው እየቻሉ የሚፈተኑ ናቸው። ያ ሁሉ መከራ የሚበዛው በምልመላው ጊዜ ነው፤ ዓላማው ሰው ማጣራት እንጂ ማስተማር አይደለም። ያንተ ልጆች ለማጣራት አልመጡም። ኳስ ሊማሩ ነው የመጡት።

የውሃው ነገር ላይ ግን ቆራጥ እሆናለሁ። ከነገ ጀምሮ ይቅር። የአዳማን ሙቀት ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ውሃ መከልከል ማንንም አያጠነክርም፤ ልጅን በሙቀት ሊጥል፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። በቅጣት መልክ የሚደራረብ ፑሽ አፕና ዝላይም እንደዚሁ ነው። ያልለመደ ሰውነት ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊቱን ሊያውክ ይችላል። ከከባድ ልምምድ በኋላ ጡንቻው ያበጠ፣ ሽንቱ ጠቁሮ ቡናማ የሆነበት ልጅ ካለ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ውሰደው። ፑሽ አፕ ለጉልበት ይሠራ፤ ለቅጣት ግን አይሁን። አለዚያ ልጆቹ ስፖርቱን ራሱን ይጠሉታል።

አሁን ወደ ሚጠቅምህ ነገር ልግባ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1994 የአልጄሪያ ታጣቂዎች አንድ የኤር ፍራንስ ኤርባስ ጠልፈው ማርሴይ አጠገብ አረፉ። የፈረንሳይ ጀንደርመሪ ልዩ ቡድን፣ ጂአይጂኤን የሚባለው፣ ተመሳሳይ አውሮፕላን አግኝቶ ተለማመደ። ተንቀሳቃሽ ደረጃውን እንዴት እንደሚያስጠጉ፣ በሩን እንዴት እንደሚከፍቱ። ቀኑ ሲደርስ ግን ደረጃው ከበሩ ጋር አልገጠመም። የተለማመዱበት አውሮፕላን ባዶ ነበር፤ እውነተኛው ደግሞ ሰውና ነዳጅ ጭኖ ዝቅ ብሏል። ደረጃው ከፍ ብሎ በሩን ያዘው። ጥይት ሊዘንብ በሚችልበት ሰዓት ወደኋላ መልሰው እንደገና ማስጠጋት ነበረባቸው። ከኮማንዶዎቹ በርካቶች ቆሰሉ፤ በውጊያው ግን አንድም ተሳፋሪ አልሞተም።

ይሄን ታሪክ የምወደው ለአሰልጣኝ የተጻፈ ስለሚመስለኝ ነው። አምና ያ ሁሉ ልምምዳችሁ በባዶው አውሮፕላን ነበር። ልጆቹ ሳይደክሙ፣ ተመልካች ሳይጮህባቸው፣ ውጤት ሳያስጨንቃቸው ነው የተለማመዱት። 75ኛው ደቂቃ ላይ 2 ለ 0 መምራት ምን እንደሚመስል ማንም አላሳያቸውም። ዘንድሮ ደግሞ ክብደት ጨመርክ፤ የጨመርከው ግን የጨዋታውን ክብደት ሳይሆን ያንተን ቁጣ ነው። እስቲ ይሄን ሞክር። በሳምንት ሁለቴ፣ ልጆቹ ከደከሙ በኋላ፣ 15 ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ጨዋታ ያዝ። «2 ለ 0 እየመራችሁ ነው» በላቸው። ተቀያሪዎቹ ከዳር ሆነው ተመልካች ይሁኑ፤ ይጩሁ፣ ይረብሹ። ሳይታሰብ ፍጹም ቅጣት ምት ስጥባቸው። 2 ለ 1 ሲሆን ምን እንደሚያደርጉ ያን ጊዜ ይማሩታል። ኳሱን ከመረብ ማን ያወጣል? ማን ሁሉንም ይሰበስባል? ምን ይላቸዋል? መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እያቆማችሁ ሥሩት። ሲገባቸው ፍጥነቱን ጨምር። ከዚያ ድካሙን፣ ከዚያ ጩኸቱን። ጫናው የሚጠቅመው በመጠን እየተጨመረ ሲመጣ ነው።

ሁሉም አብረው መለማመዳቸውንም እይልኝ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1980 ቴህራን ውስጥ የታገቱ ሰዎቻቸውን ሊያስለቅቁ ወጥተው በረሃ ላይ የቀሩበት ታሪክ አለ። 8 ሄሊኮፕተር ተነሳ፤ ለመቀጠል 6 ያስፈልግ ነበር፤ የሚሠራ 5 ቀረ። ተልዕኮው ተሰርዞ ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ሰዎች ሞቱ። በኋላ የመረመሩት ሰዎች ካገኟቸው ጉድለቶች አንዱ ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል በየፊናው ሲለማመድ ነበር እንጂ ሁሉም በአንድ ላይ ሙሉ ልምምድ አድርገው አያውቁም። ተከላካዮችህ ከአጥቂዎችህ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የተለማመዱት መቼ ነው? በረኛህስ ከማን ጋር ነው የሚሠራው?

ዝምታቸው ያሳስበኛል። «ኳስ ሲይዙ እኔን ነው የሚያዩት» ያልከው ከደብዳቤህ ሁሉ በላይ የከበደኝ አረፍተ ነገር ነው። በዚያው በ1980 ለንደን ውስጥ ኤስኤኤስ የተባለው የእንግሊዝ ልዩ ኃይል በታጣቂዎች የተያዘውን የኢራን ኤምባሲ ሲያስለቅቅ ዕቅዱ ገና ከጅምሩ ተናግቶ ነበር። በገመድ የሚወርድ አንድ ወታደር ተጠላልፎ ተንጠለጠለ። ሌላው እሱን ሊረዳ ሲል እግሩ መስኮት ሰበረ፤ ድምፁ ተሰማ። በዚያ በኩል ያሉት ፈንጂውንም መጠቀም አልቻሉም፤ የተንጠለጠለውን ጓደኛቸውን ይጎዳዋል። ሰብረው ገቡ። ሁሉም ነገር በ17 ደቂቃ አለቀ። እዚያ ገመድ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ የአለቃውን ፊት የሚያይ ወታደር አልነበረም። ዓላማውን ሁሉም ያውቁታል፤ ስለዚህ መንገዱ ሲዘጋ በሌላ መንገድ ሄዱ። ያንተ ልጆች ግን ስህተት ቅጣት እንደሚያመጣ ስለተማሩ፣ ከመወሰን ይልቅ ፊትህን ማንበብ መርጠዋል። ይሄ የሚፈታው አንተ ዝም ስትል ነው። በልምምድ ጨዋታ ላይ ለ20 ደቂቃ ምንም ላለመናገር ሞክር። መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ። ታገሥ። አንዱ መናገር ይጀምራል።

እነዚህ ቡድኖች ሁሉ የጋራ አንድ ልማድ አላቸው፤ እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት አንተ ብትወስደው የምመርጠው እሱን ነው። ሥራው ሲያልቅ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ማዕረግ እዚያ ቦታ አይሠራም። ትንሹም ለአለቃው «እዚህ ጋ ዘገየህ» ይለዋል። አለቃውም የራሱን ስህተት ቀድሞ ይናገራል። ምን ለማድረግ ነበር ያሰብነው? ምን ሆነ? ለምን? ለሚቀጥለው ምን እንያዝ፣ ምንስ እንተው? እነዚህ ናቸው ጥያቄዎቹ። ቀላል ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ እንዲህ ዓይነት ውይይት በደንብ ሲደረግ ሥራን በአማካይ ወደ 25 በመቶ እንደሚያሻሽል አግኝቷል።

ከቡድኖቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው የተወለዱት ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ያውም ከስፖርት ሜዳ። ማሞ ወልዴና ምሩፅ ይፍጠር ነሐስ ያገኙበትን የ1972ቱን (እ.ኤ.አ.) የሙኒክ ኦሊምፒክ ታስታውሰዋለህ፤ ባትወለድም ሲወራ ሰምተሃል። እዚያ የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ነበር። የጀርመን ፖሊስ ለዚህ የሠለጠነ ሰው አልነበረውም። አነጣጣሪ ተብለው የተመደቡት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ እንኳ አልነበራቸውም። 11 እስራኤላውያን ተገደሉ፤ ከእነሱ ውስጥ አሰልጣኞችም ዳኞችም ነበሩ። ጀርመኖች በዚያው ወር ጂኤስጂ 9 የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሞቃዲሾ ላይ በተጠለፈ የሉፍታንዛ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩትን 86 ታጋቾች በሙሉ አስለቀቁ። በመሃል የሆነው ጉድለቱን አምኖ፣ ምን እንደጎደለ ጠይቆ፣ ተለማምዶ መመለስ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ፣ ቢበዛ 15 ደቂቃ፣ ጥላ ስር ቁጭ በሉ። ውሃ ይጠጡ። ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ይናገር። አንተ መጨረሻ ላይ ተናገር፤ ስትናገርም ካንተ ስህተት ጀምር። ውይይቱን ጋሼ ቢመሩት ደስ ይለኛል። ለመሆኑ «እንዲህ አላሰለጠኑንም» ካሉህ በኋላ «ታዲያ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠይቀሃቸዋል? ክረምቱን ሙሉ በፊልም የፈለግኸው ሰው አጠገብህ ኮን ሲደረድር ነበር። ቡና ጋብዛቸውና አድምጣቸው። አኩርፈው ከሆነም ማኩረፋቸው ስለሚቆረቆሩልህ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ውስጥ ታም ሉአንግ በሚባል ዋሻ 12 ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችና ምክትል አሰልጣኛቸው ጎርፍ ዘግቶባቸው እንደቀሩ ሰምተሃል። እነሱን ያወጡት የታይላንድ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎችና ከብዙ አገር የመጡ የዋሻ ጠላቂዎች ናቸው። ጠላቂዎቹ ልጆቹን ከማውጣታቸው በፊት ምን አደረጉ መሰለህ? በአካባቢው ወዳለ መዋኛ ገንዳ ሄደው፣ በቁመትና በክብደት የሚመሳሰሉ የሰፈር ልጆችን ይዘው ተለማመዱ። ሳማን ኩናን የተባለ የቀድሞ ኮማንዶ የአየር ሲሊንደር አድርሶ ሲመለስ ሕይወቱ አለፈ። 13ቱም ግን ወጡ።

እኔ ግን ዋሻው ውስጥ ስለነበረው አሰልጣኝ ነው ላወራህ የፈለግኩት። ኤካፖል ቻንታዎንግ ይባላል፤ ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። ሰው እስኪደርስላቸው ድረስ ዘጠኝ ቀን ጨለማ ውስጥ ነበሩ። ልጆቹን ተረጋግተው እንዲቀመጡ፣ አተነፋፈሳቸውን እንዲያዳምጡ ሲያስተምራቸው ቆየ። ገና ሳይወጣ፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ ሆኖ፣ ለወላጆቹ ደብዳቤ ላከ። ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ልጆቹን አቅሙ በቻለ ሁሉ እንደሚንከባከብ ቃል ገባ። ወላጆቹ ምን ብለው መለሱለት? አንወቅስህም፣ ራስህን አትውቀስ አሉት። ይቅርታ መጠየቁ በማንም ዓይን አላሳነሰውም።

አንተም መጀመሪያ እናቱን አግኝ። ሜዳ ድረስ መጥተው ጠይቀውሃል፤ መልስ ይገባቸዋል። ምን እንዳልከው ቃሉን ሳትቀንስ ንገራቸው። ይከብዳል፤ ግን ከልጃቸው አፍ ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙ ይሻላል። ከዚያ ልጁን ለብቻው አናግረው። ንግግር አታብዛ። «ያን ቀን ያልኩህ ነገር ትክክል አልነበረም። አንተ ኳስ ነው የሳትከው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» በለው። «ግን» የሚል ቃል ከኋላው አታስከትል። «ለጥሎ ማለፉ ታስፈልገናለህ» አትበል፤ ይቅርታህን ለውጤት ያመጣኸው ይመስለዋል። ከዚያ ዝም በልና ስማው። ቢያለቅስም፣ ቢቆጣም፣ ምንም ባይልም ስማው። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ከምግብና ከትምህርትም ከራቀ፣ እናቱ ወደ ባለሙያ እንዲወስዱት አግዛቸው።

ያዋረድከው በሁሉም ፊት ነውና ይቅርታውን በሁሉም ፊት ድገመው። እሱ ባይመጣ እንኳ ለቡድኑ ተናገር። የቀሩትን አራቱንም በየቤታቸው ፈልጋቸው፤ እነሱም የቀሩበት ምክንያት አላቸው። ስለ መናቅ ያለህን ፍርሃት እረዳለሁ። ከልጆቹ አንዳንዱ ለጥቂት ቀን ሊፈትንህ ይችላል፤ ሊያረፍድ፣ ሊስቅ ይችላል። ሥርዓት ይኑርህ፤ ያረፈደ የዕለቱን ኮን ይሰብስብ፣ ኳሶቹን ያጥብ። የሚንበረከክ ግን አይኑር።

ፍጹም ቅጣት ምት ማን እንደሚመታም ከወዲሁ በልምምድ ወስኑ። ልጁ ከተመለሰ «መምታት ትፈልጋለህ?» ብለህ ጠይቀው፤ አይ ካለ ሌላ ሰው ይምታ፣ ክብሩ አይነካም። የአምበልነቱን ጨርቅም እንዲሁ፤ ስትመልስለት ሊቀበል ላይቀበል ይችላል፤ ምርጫው የእሱ ይሁን። ጨርሶ አልመለስም ቢልህ ደግሞ አትለምነው፣ አታስለምነውም። ሌላ ቡድን መጫወት ከፈለገ መልቀቂያውን በዚያው ሳምንት ጻፍለት፤ ለአዲሱ አሰልጣኝም ራስህ ደውለህ ስለ ልጁ መልካሙን ንገረው።